የማጥቢያ ትራስ ለይመኙሻል

ቴዎፍሎስ አልተኛም። አልሞከረም ማለት ግን ሐሜት ይሆናል፤ ሞክሯል። ሌሊቱን የከተማ አውቶቡስ ሲያጥብ አድሮ፣ ጠዋት ሰው ሁሉ ወደ ሥራ ሲጣደፍ እሱ በተቃራኒው ወደ ቤቱ አዝግሞ፣ ጥቁሩን መጋረጃ ጋርዶ፣ ስልኩን ደፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ተጋድሟል። እንቅልፍ ግን እንደ ባለሥልጣን ነው፤ ደጅ ሲጠኑት ይኮራል። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፤ በርገን የምትባለው ይቺ የኖርዌይ ከተማ ክረምት አይወጣላትም፤ የመጣ ሰሞን «አንኮበር ጉሟን ተሸክማ ተከትላኝ መጣች» ብሎ ስቆ ነበር፤ ዛሬ ሳቁ የለም። አልጋው ላይም ብቻውን አይደለም። ከግራው አንድ ትራስ፣ ከቀኙ አንድ ትራስ። የራስ ትራስ ቢሆኑ ደግ ነበር፤ የማጥቢያ ናቸው። አንዱ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ፣ ደረቅ ያለ፣ ወገብ ላይ የሚታሰር ቀበቶ ያለው። ሌላው ረጅም፣ ለስላሳ፣ ጤፍ የሚያካክሉ ፍሬዎች ውስጡ የሞሉበት፣ በነኩት ቁጥር ሽር የሚል። ከሁለቱ አንዱን ዛሬ ማታ ሠናይት ትወስደዋለች። ሠናይት የደብረ ብርሃን ልጅ ናት፤ እዚሁ በርገን የምትኖር፣ ነገ ወደ አገር ቤት የምትበር፤ «ሻንጣዬ ሞልቷል፣ አንድ ቀላል ነገር ብቻ» ብላዋለች። ሚስቱ ይመኙሻል አንኮበር፣ አባቱ ቤት፣ አራስ ናት። ሐምሌ ሲገባ ወለደች፤ ሴት ልጅ፤ የመጀመሪያው፤ እስከ ዛሬ ዓይኑ ያላረፈባት። እንግዲህ ወይ ጨረቃውን ወይ ረጅሙን መርጦ መተኛት ነበር። ቴዎፍሎስን እንቅልፍ የነሳው ግን የትራሱ ቅርጽ አይደለም። ይመኙሻል በሕይወት ትኑር አትኑር አያውቅም።

ማንም ሞተች አላለውም። ችግሩም እሱ ነው፤ በእኛ አገር ስልክ ደውሎ ሞተች የሚልህ የለም። ከወለደች ወዲህ ድምጿን ሁለት ጊዜ ሰምቷል። መጀመሪያ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ሳለች፣ «ደህና ነኝ፣ ግንባሯ የአንተ ነው» አለችው፤ ኋላ አንኮበር ከገባች በኋላ፣ ድምጿ ከሩቅ እንደሚመጣ ሆኖ፣ «ብርድ ብርድ ይለኛል» አለችው። ከዚያ ወዲያ ስልኩን የምታነሳው ታላቅ እህቱ አስካለማርያም ናት። ተኝታለች ትላለች። ጠዋት ይደውላል፣ ተኝታለች። ከሰዓት ይደውላል፣ አሁን ገና አሸለባት። «አራስ አይደለች እንዴ፣ ትተኛ እንጂ፣ አንተ ደግሞ» ትለዋለች። እሺ፣ ትተኛ፣ ካሜራውን ክፈችልኝና ተኝታ ልያት። ካሜራው ተበላሽቷል። የጎረቤቱን ስልክ ተዋሺ። ኔትወርክ የለም። መብራትም ጠፍቷል። ያለወትሮዋ ትስቃለች፤ አስካለማርያም በስልክ የምትስቅ ሴት አይደለችም፣ በስልክ የምትቆጣ ሴት ናት። እና ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ፣ ልትዘጋው ስትል፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «በላህ? ብቻህን ነህ?» ትለዋለች። ብቻህን ነህ። ይቺን ጥያቄ ያውቃታል። ብቻውን ላለ ሰው መርዶ አይነገርም፤ ሰው ይሰበሰባል፣ የሚይዘው ይዘጋጃል፣ ጎህ ሲቀድ በሩ ይንኳኳል። እስከዚያ ሁሉም ደህና ነው። እስከዚያ ሁሉም ተኝቷል።

ያውቃታል፣ ምክንያቱም አንዴ በላዩ ላይ አልፋለች። እናቱ ወለተሐና ያረፈች ጊዜ እሱ ገና መንገድ ላይ ነበር፤ ካርቱም ከአምስት ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይቶ፣ ከዚያ በረሃው፣ ከዚያ ባሕሩ፣ ከዚያ የሰው አገር ካምፕ። በደወለ ቁጥር «እማማስ?» ይላል። አስካለማርያምም «ቤተ ክርስቲያን ናት» ትለዋለች። ውሸትም አልነበረም፤ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተምሥራቅ፣ ከጽዱ ሥር ተቀብራለች። እሱ ምን ያውቃል፤ እናቱ ጸሎት አበዛች ብሎ ደስ ይለዋል፤ በርገን ገብቶ የመጀመሪያ ደመወዙን ሲያገኝ ለእናቱ ካፖርት ሊገዛ ሱቅ ለሱቅ ይዞራል። ቡኒ ይሁን ግራጫ? ግራጫው ሐዘን ይመስላል። ክንዷ ያጥርባት ይሆን? ሻጩን አቁሞ፣ እጁን ዘርግቶ፣ እናቴ ከእኔ እዚህ ድረስ ነች ብሎ ያሳያል። ቡኒውን ገዛ። ካፖርቱ አንኮበር ሲደርስ ወለተሐና ካረፈች መንፈቅ አልፎ ነበር፤ አስካለማርያም ግን «ልክ ሆናት፣ መረቀችህ» አለችው። ከዚያ አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ቀድማ የገባችው ሠናይት ነበረች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ። እንዴት እንዳለቀሰ አያስታውስም፤ የሚያስታውሰው ካፖርቱን ነው። ለሞተች ሴት ቀለም ሲመርጥ፣ ክንዷን ሲለካ። ከዚያ ወዲህ ለሰው ስጦታ መግዛት ይፈራል፤ ይኸው ዛሬ ደግሞ ሁለት ትራስ መሐል ተጋድሟል።

ትናንት ጠዋት ከሥራ እንደወጣ፣ እጁ ሳሙና ሳሙና እየሸተተ፣ የሕፃናት ዕቃ መሸጫው ገባ። ሻጯ ወጣት ናት፣ ትሕትናዋ ለጉድ፤ ለትራስ ግን እንዲህ ዓይነት ምርመራ ይደረጋል ብሎ አላሰበም። ሚስትህ ቁመቷ ምን ያህል ነው? በእጁ አገጩ ሥር አሳያት። በቀዶ ሕክምና ነው የወለደችው? አይደለም። ተቀምጣ ነው የምታጠባው፣ ተጋድማ? እ... ተቀምጣ። ወንበሩ መደገፊያ አለው? አባቱ ቤት ያለው መደብ ነው፤ ከጭቃ የተሠራ፣ ቆዳ የተነጠፈበት፤ መደገፊያው ግድግዳው ነው፤ ግድግዳው በክረምት ይቀዘቅዛል። ይህን በኖርዌጂያን እንዴት ይላል? ደግሞስ እውነት ተቀምጣ ነው? ይመኙሻል ስትቀመጥ አይቶ ያውቃል? ያገባት ባለፈው ጥቅምት ለዕረፍት ሄዶ ነው፤ አብረው የኖሩት አንድ ወር ቢሞላ ነው፤ በሠርጉ ቀን አቀርቅራ ተቀምጣ አይቷታል፣ ከዚያ በኋላ የሚታየው ሁሉ ቆማ ነው፣ ቆማ ስታበስል፣ ቆማ ስታስተናግድ፣ የሄደ ዕለት ጎረቤላ መናኸሪያ ቆማ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ። ሻጯ አሻንጉሊት አመጣችና በል አንተ ሞክረው አለችው። ሞከረ። ጨረቃውን ታጠቀ፣ አሻንጉሊቷን አስተኛበት፣ አንዲት አሮጊት አይታ ፈገግ አለች። መምረጥ ሲያቅተው ሻጯ አዘነችለትና ሁለቱንም ውሰድ፣ ያልወደድከውን ትመልሳለህ አለችው። እዚህ አገር ሁሉም ነገር ይመለሳል። በሩ ድረስ ሸኝታውም «ሚስትህን ለምን አትጠይቃትም?» አለችው። ቀላል ነገር የተናገረች መስሏት።

መጠየቅማ ይችላል። እንቅልፍ የነሳውም ይኸው መቻሉ ነው። አስካለማርያም የቄስ ልጅ ናት፤ ለደግ ነው ካለች ዓይኗን ሳታሽ ትዋሻለች፣ ለእናቱ ካፖርት እንኳ አፍ አውጥታ መርቃለታለች። «ማርያምን በይ» ካሏት ግን አትዋሽም። ሕፃናት ሆነው የተዝካሩን ማር ልሰው የተያዙ ቀን እሱ ምሎ ዳነ፣ እሷ መማል አቅቷት ተገረፈች። እናቱን የደበቁት ጊዜ ማስማል አልመጣበትም፤ ምን ብሎ ይጠርጥር። አሁን ግን አንዲት ቃል ብቻ ናት። ማርያምን በይ። ይህን ያወቀው ዛሬ አይደለም፤ ሁለት ሳምንት ሆነው። በየቀኑ ይደውላል፣ ቃሏ ምላሱ ጫፍ ላይ ትደርሳለች፣ ይውጣታል፣ እሺ ትተኛ ብሎ ይዘጋል። ምክንያቱም ዝም ካለችስ? ዝም ካለች አለቀ። እስካላስማላት ድረስ ይመኙሻል ተኝታለች። ፈሪ፣ ይላል ራሱን፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፤ ባሕር የተሻገርክ ሰውዬ፣ እህትህን አንድ ቃል መጠየቅ ፈራህ።

ደግሞ ሠናይት ናት ነገሩን ያባባሰችው። ጠዋት ደውላ «ማታ ቤት ነህ?» አለችው። ነኝ። «ሥራ አትገባም አይደል?» ዛሬ ዕረፍቴ ነው። «ጥሩ፣ ከቃለ አብ ጋር እንመጣለን።» ቃለ አብ ባሏ ነው። ቃለ አብ ከሶፋው የሚነሳው ለፋሲካና ለመርዶ ነው። አንድ ትራስ ለመሸከም ባልና ሚስት ምን ያመጣቸዋል? ትራሱ ላባ ነው፣ ሕፃን ይሸከመዋል። እና ድምጿ፤ ድምጿ ለስለስ አላለም? ብሏል። አላለም። ብሏል እንጂ። ተነሳ። ሻይ ጣደ፣ ጥዶ ረሳው፣ ውኃው ተንተክትኮ አለቀ። መጋረጃውን ከፈተ፣ ዘጋው። ኮምፒዩተሩን ከፍቶ የቤተሰብ ማመልከቻውን አየ፤ ይመኙሻልን ለማምጣት ያስገባው ነው፤ «በሂደት ላይ» ይላል፣ ከመጸው ጀምሮ በሂደት ላይ ነው። ከሥር በትንሽ ፊደል «በቤተሰብዎ ሁኔታ ላይ ለውጥ ካለ ወዲያው ያሳውቁ» የሚል አለ። ይህችን መስመር አሥር ጊዜ አንብቧታል፤ ዛሬ ግን ማለፍ አቃተው። ምን ብሎ ነው የሚያሳውቀው? ማንን ነው የሚጠይቀው? የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይሉ ነበር አባቱ። ኮምፒዩተሩን ዘጋው። ተመልሶ ተጋደመ። ረጅሙ ትራስ ሽር አለ።

ጥፋቱ የማን ነው? የእሱ። ጎረቤላ ጤና ጣቢያ እወልዳለሁ፣ አዋላጇን አውቃታለሁ ስትለው፣ ደብረ ብርሃን ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ያለ እሱ ነው። መንገዱ አንድ ቀን ሲከፈት አንድ ቀን ሲዘጋ፣ ጣርማ በር በኩል ተኩስ አለ ሲባል፣ የለም ሲባል፣ ያንን ሆድ ይዛ በሚኒባስ ተንገላታ ሄደች፤ የአራስ ገላዋን ይዛ በዚያው ብርድ ተመለሰች። ብርድ ብርድ ይለኛል አለችው። ምን መለሰላት? ልበሽ አላት። ልበሽ! ዕውቀቱ ይኸው ነው። ጋቢ ደርቢ፣ ሾርባ ጠጪ፣ ቻው፣ አውቶቡስ ላጥብ ልሂድ። አሁን ትስቅ ይሆን ይህን ትራስ ብታየው? ትስቃለች። ለማጥባትም ትራስ ያስፈልጋል እንዴ ትላለች። ወይም ትል ነበር። የቱ ነው ትክክሉ፣ ትላለች ወይስ ትል ነበር? ቴዎፍሎስ ብድግ ብሎ ተቀመጠ። ከዚህ በላይ መጋደም አልቻለም። ሠናይት ነጠላዋን አዘቅዝቃ በዚያ በር ከምትገባ በፊት፣ ከሰው አፍ ሳይሆን ከእህቱ አፍ ሊሰማው ቆረጠ። ስልኩን አነሳ።

«ቴዎ፣ እንዴት ዋልክ? ጾሙ እንዴት ይዞሃል?» አለች አስካለማርያም። ፍልሰታ ነው፤ አንኮበር ላይ ሕፃን ሳይቀር ይጾማል። ከጀርባዋ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

«ደህና ነኝ እትዬ አስካለ። ይመኙሻልስ?»

«ተኝታለች። አሁን ገና ነው ያሸለባት፣ ሌሊቱን—»

«ማርያምን በይ።»

«ምን በይ?»

«በሕይወት አለች? ማርያምን በይ።»

«አንተ ልጅ፣ ምን ነካህ? ሰው በፍልሰታ እንዲህ ያለ ነገር—»

«እትዬ፣ እግርሽ ሥር ወድቄያለሁ። በይ።»

«ማርያምን አለች» አለች አስካለማርያም። ወዲያው ነው ያለችው፣ ሳትተነፍስ።

አልጋው ጠርዝ ላይ የነበረው ሰውዬ ወለሉ ላይ ተገኘ፣ ጀርባውን ለአልጋው ሰጥቶ። አለች። አለች፣ አለች፣ አለች። አለቀ፣ ይዝጋና ይተኛ ነበር። ግን ሆድ አንዴ ከባሰው መች በቃኝ ይላል፤ «ልጅቷስ?» አለ። ማርያምን እሷም አለች። እና ምንድን ነው የደበቃችሁኝ? ምንም። ምንም አልደበቅንህም። እንግዲያው ይመኙሻል ልጇን እያጠባች ነው፣ ማርያምን በይ። አሁን አስካለማርያም ዝም አለች። ውኃ ሲንጠባጠብ፣ በር ሲከፈት ይሰማል። «እኔ እንጃልህ» አለች በመጨረሻ፣ ድምጿ ተሰብሮ። «አባባ ይንገርህ።»

አባቱ ቄስ ወልደተንሣኤ ስልክ አይወዱም፤ ከፊታቸው አርቀው ይዘው ነው የሚጮኹበት፣ ከጋራ ማዶ ያለ ሰው እንደሚጣራ። ዛሬ ግን አልጮኹም። «ልጄ፣ ተቀመጥ» አሉ።

«ተቀምጫለሁ አባባ።»

«ሚስትህ ጡቷን አመማት። አበጠ፣ መግል ቋጠረ። ትኩሳቱ እሳት ነው። ደብረ ብርሃን መልሰን ወሰድናት፣ ጡቷን ቀደው መግሉን አወጡላት፣ መድኃኒቱን ሰጧት፣ አሁን እየተሻላት ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ወተቷ ግን ደረቀ። ልጅቷ ምን ትብላ? የቆርቆሮው ወተት መንገዱ ሲዘጋ ከጎረቤላ ሱቅ ጠፋ። የላሙን አቅጥነን ብንሰጣት አስመለሳት። ድምጿ እየቀጠነ ሄደ፣ ልቅሶዋ የድመት ልጅ ልቅሶ ሆነ። ሴቶቹ ተሰብስበው ማርያም ማርያም ይላሉ። ሐዋን ታውቃታለህ አይደል፣ የአልዩ አምባዋን፣ ጎረቤላ ፈትል የምትሸጠዋን? እሷም ወልዳ ጡት ታጠባለች። ሁሉም ያስቧታል፣ ሁሉም ስሟን አይጠሩም። ክርስትና ያልተነሳች የቄስ የልጅ ልጅ፣ የእስላም ጡት፣ ሰው ምን ይላል ነው። ሰው ምን እንደሚልማ እኔም አውቃለሁ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሲል ሰምቼዋለሁ። ማንንም አልጠየቅኩም። ካባዬ ውስጥ ሸጉጬ ይዣት ወረድኩ።»

«እርስዎ ራስዎ?»

«እኔ ራሴ። ሐዋ በሩን ከፈተች፣ እኔን አየች፣ ካባውን አየች፣ ምንም አልጠየቀችኝም። ቢስሚላህ ብላ ጡቷን ሰጠቻት። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ። ስትጠባ ይሰማኛል፤ እንደ ጥጃ ነው የምትጎትተው። አለቀስኩ፣ ልንገርህ።»

ቴዎፍሎስ አባቱ ሲያለቅሱ አይቶ አያውቅም፤ እናቱን የቀበሩ ቀን አልነበረምና። «ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም? እኔ እኮ ሞታለች ብዬ—»

«እሷ ናት ያስማለችን። ወልዳ ማጥባት አቃታት ብሎ ይንቀኛል፣ እኔው እስክነግረው አለች። ስልኩን ስንሰጣት ትሸሻለች። የሰው ምስጢር ነው፣ ምን እናድርግ? እኔ ደግሞ፣ ዋሽተን እናቱን ቀበርን፣ አሁንም ልንዋሸው ነው ብዬ ቅዳሴው አልጥም ብሎኝ ከረመ። ደግ አደረግህ አስማልካት።»

ከዚያ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሄደ፣ ሹክሹክታ፣ «እንቢ አትበይ»፣ «ፊቴን ሳልታጠብ»፣ ደግሞ ሹክሹክታ፤ እና ያ ሁለት ሳምንት ሙሉ የተበላሸ ካሜራ በአንዴ ተሽሎት ተከፈተ። መጀመሪያ የታየው ጣሪያው ነው። ቀጥሎ የአስካለማርያም አውራ ጣት። ከዚያ መደቡ። መደቡ ላይ ሁለት ሴቶች ተጣብቀው ተቀምጠዋል፣ ትከሻ ለትከሻ፣ አንድ ጋቢ ለሁለት ለብሰው። አንዷ ሻሽዋን ግጥም አድርጋ ያሰረች፣ ፊቷ ደማቅ፤ ሐዋ ናት። አንዷ ጉንጯ የገባ፣ ዓይኗ ብቻ የቀረ፤ ይመኙሻል ናት። አለች። ዓይኗን ጨፈነች፣ ገለጠች፣ የሞተ ሰው ይህን አያደርግም። ቴዎፍሎስ ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠጋ።

«ቴዎፍሎስ ወንድሜ፣ እንኳን ደስ ያለህ፣ አላህ ያሳድግልህ» አለች ሐዋ፣ የቤቱ ሁሉ ጭንቀት ሳይነካት። «አንተ ምነው፣ ሰው ያላየ ይመስል። ስጋት ካለህ ልንገርህ፣ ወላሂ ልጅህ ከእኔው ከዓሊ በላይ ትጠባለች። አሁን እህትና ወንድም ናቸው፣ ኋላ እንዳር እንዳትለኝ ብቻ።»

«እት ሐዋ» አለ። «ምን ልበልሽ?»

«ምን ትለኛለህ? ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሉ የለ። ና እና ያን ጊዜ በል።»

«ልጅቷስ የታለች?»

ሐዋ ጋቢውን ገለጥ አደረገች። ልጁን መጀመሪያ ያያት እንዲህ ነው። የምትጠባው ከሐዋ ጡት ነው። የተኛችው ግን ይመኙሻል ጭን ላይ ነው። እግሮቿ የእናቷን ሆድ ይረግጣሉ፣ ጭንቅላቷ በእናቷ መዳፍ ላይ ነው፣ አፏ ሐዋ ጋ ነው። «የመጀመሪያ ቀን ርቧት ነውና እንዲሁ ጠባችልኝ» አለች ሐዋ። «በማግስቱ ትይዝና ትለቃለች፣ ትይዝና ታለቅሳለች። እናቷ ስትነካት ዝም አለች። የእናቷን ጠረን ፈልጋ ነው። እንግዲህ እንዲህ ሆንን፣ እሷ ታቅፋለች፣ እኔ አጠባለሁ። በየቀኑ እኔ እወጣለሁ፣ ዝናብ ካልሆነም እሷ ትወርዳለች። ልጅቷ ጠገበች፣ ያለቀው የእኔና የእሷ ወገብ ነው።»

«ይሙ» አለ ቴዎፍሎስ።

ይመኙሻል ቀና አለች። ሊላት የፈለገው ብዙ ነበር፤ ልናቅሽ እኔ ማነኝ ሊላት፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስቀብርሽና ሳወጣሽ ከረምኩ ሊላት፣ ያንቺ እጅ ባይኖር ያ ሁሉ ወተት ለልጃችን ምን ሊሆናት ነበር ሊላት። የወጣው ግን «በላሽ?» ሆነ።

«በላሁ» አለች ይመኙሻል። «አንተስ?» አለችና አለቀሰች፣ ልጅቷን ሳታናውጥ፣ ከአንገቷ በላይ ብቻ። «ሌላ ሰው ታጥባልኝ? እኔ ቁጭ ብዬ ልይ?»

«ቁጭ ባትይ አትጠባማ» አለቻት ሐዋ፣ ሳትዞር። «ስንት ጊዜ ልንገርሽ? ስልኩን እንኳ ልትይዢ እጅሽን ብታነሺ አፏን ትለቃለች። አታንሺ።» ይመኙሻልም እጇን አላነሳችም፤ እንባዋን ያበሰችላት አስካለማርያም ናት።

እንግዲህ ትራሱ። ቴዎፍሎስ ከወለሉ ተነስቶ፣ አፍንጫውን እየጠራረገ፣ ሁለቱንም ካሜራው ፊት አቆመ። ይህኛው ወገብ ላይ ይታሰራል፣ ልጁ አይንሸራተትም። ይህኛው ረጅም ነው፣ እንደፈለጉ ይታጠፋል። ቤቱ በአንድ አፍ ተንጫጫ። አስካለማርያም ጨረቃዋ ታምራለች አለች። ቄስ ወልደተንሣኤ ከኋላ ሆነው ይህ ሁሉ ለሕፃን ነው ወይ፣ ጳጳስም ይህን አልተደገፈ አሉ። ሐዋ ጠጋ ብላ አየችና «ቀበቶዋ ለአንድ ሰው ናት፣ እኛ ሁለት ነን» አለች። «ረጅሟን ዘርጋት እስቲ።» ዘረጋት፤ ከደረቱ ተነስታ የተዘረጋ ክንዱን አልፋ ወረደች። ይመኙሻል፣ ገና እንባዋ ሳይደርቅ፣ በዓይኗ ከእሷ ወገብ እስከ ሐዋ ወገብ ለካች። «ትደርሳለች» አለች። «እሷን ላካት።» ቴዎፍሎስ ከስንት ቀን በኋላ የሚስቱን ትእዛዝ ሰማ፤ ደስታው አናቱ ላይ ወጣ።

ስልኩን ዘግቶ ብዙ ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ። ረጅሟን ትራስ እንደታቀፈ ከፈተ። ሠናይት ናት፤ ዝናብ የመታው ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋለች፤ ቃለ አብ ታች ሞተር ሳያጠፋ ይጠብቃታል፤ ለካ የመጣው እዚያ ሰፈር መኪና ማቆሚያ ስለማይገኝ ኖሯል። ሠናይት ልትናገር የነበረውን ተወችው። የሰውዬውን ዓይን አየች፣ በርበሬ ሆኗል። ፊቱን አየች፣ አብጧል። ትራሱን አየች፣ እንደ ሰው አቅፎታል።

«ምን ሆንክ?»

«ምንም። አሁን ከቤት ጋር ሳወራ ነበር።»

«ይመኙሻልስ?»

«ደህና ናት።»

«ሕፃኗስ?»

«ደህና ናት። ሁሉም ደህና ናቸው» አላት ቴዎፍሎስ።

ሠናይት የአገሯን ሰው ታውቃለች። አንድ እርምጃ ገባች፣ እጇን አናቷ ላይ ጫነች፣ ወደ ደረጃው ዞራ «ቃለ አብ፣ ሞተሩን አጥፋና ውጣ» ብላ ተጣራች፣ ነጠላዋንም ማዘቅዘቅ ጀመረች። «ማርያምን ደህና ናት» አላት እሱ፣ ሳቁ እያመለጠው። ሲስቅ ስታየው ደግሞ የባሰ አለቀሰች።